ከተለጣፊው ሥር የነበረው መስመር

ለመሆኑ የገዛ ዕውቀታችሁን መልሶ ለራሳችሁ የሸጠላችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ሸጦልኝም አልቀረ፣ በመርፌ ስቦ እግሬ ላይ ወጋኝ። እኔም አመስግኜ እስከ በር ሸኘሁት።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ያዘነልኝ ሰው በቂ ነው። የምጽፈው ያ ሰውዬ ሥራውን ያቆመ ስለማይመስለኝ ነው። ሌላ ከተማ፣ ሌላ የሕክምና ወረፋ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ እኔ ማብራራት የሚወድ ሞኝ እየጠበቀ ይሆናል።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዚያን ጊዜ ሻንቶ አስተምር ነበር፤ የምኖረው ግን ሶዶ፣ ከጋሽ ዘርጋ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በቀለም ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ የትምህርት ዕቅዴን በማስመሪያ አሰምራለሁ። ተማሪዎቼን ስፈትን የመጀመሪያ ትእዛዜ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «መመሪያውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እስክሪብቶ እንዳታነሡ!» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በኋላ ታፍሩልኛላችሁ።

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንድፈትን ወደ ቢጠና ተልኬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሞተር ሳይክል ኮረት ላይ ተንሸራተተ። ነጂው ተነሥቶ ጃኬቱን አራገፈ። እኔ መነሣት አልቻልኩም። የግራ እግሬ ቅልጥም ተሰብሮ ነበር።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ወጌሻ ዘንድ ነው። በቅቤ አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር አሰረኝና «አትርገጥ» አለኝ። ብዙ ሰው ወጌሻውን እንድሰድበው ይጠብቃል። አልሰድበውም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካገኘኋቸው «ባለሙያዎች» አንድ ትክክለኛ ቃል የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ሲከፈት ተተኪው መምህር የሴል ክፍፍልን አበላሽቶ ያስተምርብኛል ብዬ ሰጋሁ። በምርኩዝ እያነከስኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ሰሌዳ ፊት ቆምኩ፣ ረገጥኩ።

የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብም ሕመሙ አልሄደም። ስረግጥ ቅልጥሜ መካከል ላይ፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ፣ የሆነ ነገር ይታጠፍ ነበር። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰው ሱሪዬን ሳያስጠቀልለኝ «ቁርጥማት ነው» አለና የካልሲየም ኪኒን ሰጠኝ። ሁለተኛ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ጣቴን ወግተው ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» አሉኝ። በዚያ ዘመን ከክሊኒክ ያለ ታይፎይድና ታይፈስ የወጣ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

«ኧረ የታመመው እግሬ ነው» አልኩት ነጭ ጋዋን የለበሰውን ልጅ።

«እግርህስ ከሰውነትህ ላይ አይደለም እንዴ?» አለኝና ወደሚቀጥለው ታካሚ ዞረ። መልሱን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። በተለይ ስህተት ስለሌለው።

በሦስተኛው ቦታ ራጅ ተነሣሁ። ፊልሙ ላይ የቅልጥሜ ሁለት ጫፎች በመካከላቸው ጥቁር ስንጥቅ ትተው፣ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ተያይተው ቆመዋል። አጥንቱ አልገጠመም ማለት ነው። ሐኪም ቤት ጽፈው ላኩኝ።

የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ረጅም ነበር፤ ወረፋው ደግሞ ከአግዳሚው ይረዝማል። ከቤሌ አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ለልጃቸው ያመጡትን የስኳር ድንች ማዳበሪያ ዝም ብለው ጎትተው ከእግሬ ሥር አደረጉልኝና «አሳርፈው» አሉኝ። በዚያ ዓመት ለእግሬ ከተደረጉለት ሕክምናዎች ያለ ጉዳት የጠቀመኝ የመጀመሪያው ያ ማዳበሪያ ነው።

ሽማግሌው ተጠርተው ሲገቡ ቦታቸው ላይ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ተቀመጠ። ሳይጠይቀኝ የራጅ ፖስታዬን አነሣ፤ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄ አጥንት ሥራ ፈትቷል» አለ።

«ሐኪም ነህ?»

«ተመራማሪ ነኝ። አንተስ?»

«የባዮሎጂ መምህር።»

«እንግዲያው አንተ ንገረኝ እንጂ እኔ ምን እነግርሃለሁ! አጥንት ሲሰበር በምንድን ነው የሚያድገው?»

ይህን ጥያቄ ከተማሪ አፍ ለመስማት ለዓመታት የጠበቅኩ ሰው ነኝ። ወረፋዬን ረሳሁ። የዕድገት ፕሮቲን የሚባል ነገር እንዳለ ነገርኩት፤ ለሴሎች «አጥንት ሥሩ» ወይም «ልም አጥንት ሥሩ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነው አልኩት። ሳይንቲስቶች ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን የሰው ጂን ወስደው ባክቴሪያ ውስጥ እንደሚያስገቡት፣ ባክቴሪያዋም እንደ ፋብሪካ እንደምታመርተው፣ እንዲህ የተሠራው ፕሮቲን ሪኮምቢናንት እንደሚባል አብራራሁለት። በራጁ ፖስታ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣልኩለት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ፤ ሁለት ቦታ ላይ «እስኪ ድገምልኝ» አለኝ። እንዴት ያለ ጎበዝ ተማሪ! ስልክ ቁጥሬንና ሰፈሬን ሲጠይቀኝ ሰጠሁት።

የዚያን ቀን ወረፋው ሳይደርሰኝ ቀረ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሩቅ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመራማሪው ቤቴ መጣ። ከበረዶ ጋር በፔርሙስ ያመጣቸውን ሦስት ትንንሽ ብልቃጦች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። ከዚያም ስለ ሴሎች፣ ስለ መልእክት፣ ስለ ባክቴሪያ ፋብሪካ ንግግር አደረገልኝ። ንግግሩ የኔ ነበር። ምሳሌው የኔ፣ ቅደም ተከተሉ የኔ፣ «ልም አጥንት» የምትለዋን ቃል ስናገር የማደርጋት የእጅ እንቅስቃሴ እንኳ የኔ። እኔ ግን «እንዴት ያለ ጥልቅ ዕውቀት ያለው ሰው ነው!» ብዬ ተደነቅሁ። ሰው ራሱን በመስተዋት አይቶ በዚህ መጠን ሲወድ ማየት ያሳፍራል።

ብልቃጦቹን እያገላበጥኩ አየሁ። በእንግሊዝኛ የፕሮቲኑ ስም ተጽፏል፤ «የሰው» የሚል ቃልም አለበት። ከስሙ በታች ነጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሜና የምወጋባቸው ሦስት ቅዳሜዎች በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ሰፍረውበታል። ሥርዓቱ ልቤን ወሰደው።

ዋጋውን ስሰማ ግን ፊቴ ተለወጠ። እናቴ ከቤሌ መጥታ እያስታመመችኝ ነበር። ፊቴን አየችና በወላይትኛ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለጊፋታ፣ ለዓመት በዓላችን፣ ዓመቱን ሙሉ ያደለበችው በሬ ነበራት።

«ብልቃጡ ላይ ምን ተጽፏል? በኛ ቋንቋ ንገረኝ» አለች።

ከሰል አንሥቼ ወለሉ ላይ ባክቴሪያ ሣልኩላት። ጂኑ እንዴት እንደሚገባ፣ ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚወጣ አስረዳኋት። አንድ ክፍለ ጊዜ የሚያህል ተናገርኩ።

«ታ ናአው» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «እኔ የጠየቅኩህ የተጻፈውን ነው።»

«እሱን እኮ ነው የማብራራልሽ!»

በሳምንቱ በሬው ተሸጠ።

ተመራማሪው ገንዘቡን ተቀብሎ የመጀመሪያውን መርፌ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ራሱ ወጋኝ። የቀሩትን ሁለት ብልቃጦች «ከቀዝቃዛ ቦታ እንዳይወጡ» አለ። በግቢው ውስጥ ፍሪጅ ያለው ጋሽ ዘርጋ ብቻ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የከፈቱትን ሱቅ የወረሰ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ሒሳብ ግን በአፉ የሚሠራ ሰው ነው። ብልቃጦቹን ከአምቦ ውኃ ጠርሙሶቹ ጀርባ አስቀመጠልኝ።

በሦስተኛው ቀን እግሬ ቀላ፤ በአራተኛው ቀን አበጠ። ሰውነቴን ያተኩሰኝ ጀመር። ለተመራማሪው ስልክ ደወልኩ።

«ያተኩሳል?» አለኝ በደስታ። «እሰይ! ፋብሪካው ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ፋብሪካ ሳይሞቅ ያመርታል እንዴ? መምህሬ፣ ይሄን አንተ ታጣዋለህ?»

እኔም አላጣሁትም። ስልኩን ዘግቼ ለእናቴ «ፋብሪካው ሥራ ጀምሯል» አልኳት። እሷ በእርጥብ ጨርቅ እግሬን እያቀዘቀዘች በሩን ታይ ነበር። ያኔ የፈራችውን በኋላ ነገረችኝ፤ በልጅነቷ የምታውቀው ጎረቤታቸው እንዲህ አብጦ እግሩን ተቆርጧል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃቴን በማብራሪያ ሸፍኜው ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዘርጋ አንዱን ብልቃጥ በሁለት ጣቱ ይዞ መጣ።

«መምህር፣ ይሄን ወረቀት ማን ነው የለጠፈው?»

«ተመራማሪው ነዋ። ስሜን ጽፎበት።»

«ስምህን ለመጻፍ ጀርባው ባዶ አይደለም እንዴ? ለምን ባዶውን ትቶ ጽሑፍ ላይ ለጠፈ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ብስኩት አይደለም፤ ሳይንስ ነው» አልኩት። አዎ፣ እንዲህ አልኩት።

አልተቆጣም። ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ። «ስማ፤ አከፋፋይ ብስኩት ሲያመጣልኝ ዋጋ የለጠፈበትን ቦታ ነው መጀመሪያ የማየው። ቀኑ ያላለፈበት ብስኩት ላይ ዋጋው የትም ይለጠፋል። ቀኑ ያለፈበት ላይ ግን ሁልጊዜ ቀኑ ላይ ነው የሚለጠፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተብኝም።» ጣቱን በምላሱ አርጥቦ የወረቀቱን ጠርዝ አሸ። የፍሪጁ እርጥበት አላልቶት ስለነበር ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱ ሳይቀደድ ተላጠ።

«በል አንብብ። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም።»

አነበብኩ። አንዲት መስመር ናት፦ ለምርምር ብቻ፤ ለሰው ሕክምና አይውልም።

እናቴ «ምን ይላል?» አለች።

በዚህ ጊዜ አላብራራሁም። ቃል በቃል በወላይትኛ አነበብኩላት። ለቤተ ሙከራ እንጂ ለሰው አይደለም ይላል አልኳት። «ለሰው ካልሆነ ለማን ነው?» ስትለኝ «አብዛኛውን ጊዜ ለሴልና ለአይጥ» አልኳት።

ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብን፤ እናቴ ግን «ነገ ጠዋት ይመጣል አይደል? ፊቱን ሳላይ አልሄድም» አለች። እኔም ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ሌላ ሞኝነት ነበር፤ አንድ ቀን ለእንዲህ ያለ እግር ብዙ ነው፤ እናንተ እንዳታደርጉት።

ቅዳሜ ጠዋት ተመራማሪው ፈገግ ብሎ መጣ። ብልቃጡን ወረቀቱ ተልጦ ጠረጴዛው ላይ ሲያየው ፈገግታው እንደነበረ ቀረ፤ ዓይኑ ብቻ በሩን ፈለገ። በሩ ላይ ጋሽ ዘርጋ ቆሟል።

«እህ ተመራማሪ!» አለው ጋሽ ዘርጋ። «የምርምሩ ውጤት ይኸው ተኝቷል። ግለጠውና እየው።»

«እሱ ጽሑፍ ፈረንጆቹ ለጥንቃቄ የሚጽፉት ነው» አለ ሰውዬው ወደኔ ዞሮ። «መምህሬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ሰውና አይጥ በጂን ብዙም አይለያዩም። ራስህ ነግረኸኛል።»

እውነቱን ነው፤ ነግሬዋለሁ። እናቴ የተባለውን እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ከመቀመጫዋ ተነሣች። አጭር ናት፤ ደረቱ ጋ ነው የምትደርሰው። የተናገረችውን ጋሽ ዘርጋ፣ ሶዶ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ፣ እየሣቀ ወደ አማርኛ መለሰለት፦

«እንግዲያው አይጢቱ የራሷን በሬ ሸጣ ከአንተ ትግዛ ትላለች።»

ገንዘቡን እንዲመልስ ያዝነው፤ በኪሱ ያለውን ጥቂት አወጣና የቀረውን ሰኞ አመጣለሁ አለ። የየትኛው ዓመት ሰኞ እንደሆነ አልነገረንም። በኋላ ለአንድ የመንግሥት ቢሮ አመለከትኩ፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ደረሰኝ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ለአይጥ መድኃኒት ደረሰኝ የሚቆርጥ ሌባ የት እንዳየ ብጠይቀው ደስ ባለኝ፤ ምርኩዜን አንሥቼ ወጣሁ።

በዚያው ቅዳሜ ጋሽ ዘርጋና ጎረቤቶቼ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። የአጥንት ሐኪሙ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ብልቃጡን ስሰጠው ማብራራት ልጀምር አፌን ከፈትኩ፤ እጁን አነሣና ዝም አሰኘኝ። ብልቃጡን አዙሮ፣ ሁሉንም ጽሑፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ጀርባ አነበበ። ከዚያ ነው እግሬን ያየው። ከፊቴ የተቀመጠው፣ እኔ ተማሪዎቼ እንዲያደርጉት የምጮኽባቸውን የሚያደርግ ሰው ነበር።

«ተመርዟል፤ መግል ይዟል። ዛሬ ካልከፈትነው እግሩን ልታጣው ትችላለህ» አለኝ።

«ፕሮቲኑ ነው?»

«ፕሮቲኑ ውሸት አይደለም። ባደጉ አገሮች ለሰው ተብሎ የተዘጋጀውን፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ልዩ ስፖንጅ ላይ አድርገው አጥንቱ ላይ የሚያስቀምጡ ሐኪሞች አሉ። ይሄኛው ግን ለቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። ለሰው ደም ንጹሕ መሆኑን ማንም አልመረመረውም። መርፌውንስ ማን እንዳጸዳው ታውቃለህ?» አላውቅም ነበር። «ደግሞ የአንተ አጥንት ያጣው ፕሮቲን አይደለም፤ ዕረፍት ነው። ረግጠኸዋል አይደል?»

ወጌሻው ያለኝን ቃል፣ በሬ ከተሸጠ በኋላ፣ ሁለተኛ ሰማሁት።

ከፍተው አጠቡት። ብዙ ቀን መድኃኒት በደም ሥር ወሰድኩ። ምርዙ ሲጠፋ ከዳሌዬ ትንሽ አጥንት ወስደው ስንጥቁ ውስጥ አስገቡና እግሬን ከውጭ በብረት አሠሩት። ብረቱ ቆዳዬን አልፎ አጥንቴን የያዘ ስለነበር መጀመሪያ ሳየው ፊቴን አዞርኩ። እናቴ ግን ቀዳዳዎቹን ማጽዳት ከነርሷ ተምራ በየቀኑ ታጸዳልኝ ነበር። ነርሷ ያሳየቻትን አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ ነበር የምትሠራው። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ላስረዳት ስል «ዝም በል፤ እየቆጠርኩ ነው» ትለኛለች።

ጊፋታ መጣ። በየግቢው በሬ ሲጣል፣ እኛ ቤት ምንም አልተጣለም። ጠዋት ላይ ጋሽ ዘርጋ በሳፋ ሥጋ ይዞ ገባ። «ቅርጫ ገብቼ ነበር፤ የእናትህን ዕጣ ነው ያመጣሁት» አለ። እናቴ ዕጣ እንዳላዋጣች ነገረችው። «ወረቀት ላጩ ዕጣሽን አዋጥቶልሻል» አላት። ያን ቀን ተመራማሪውን የመናቅ ፍላጎቴ ለጥቂት ሰዓታት ተለየኝ።

ብረቱ ከወራት በኋላ ወጣ። አዲሱ ራጅ ላይ ጥቁሩ ስንጥቅ ነጭ ሆኗል። አሁን ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ሰማዩ ዝናብ ሲያረግዝ ብቻ ያመኛል። ሻንቶ ተመልሼ የመጀመሪያውን ፈተና ስሰጥ «መመሪያውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ...» ብዬ ጀመርኩና ድምፄ ተቆረጠ። ተማሪዎቹ እግሬን ያመመኝ መስሏቸው ወንበር አቀረቡልኝ።

ባዶ ብልቃጡ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሰፈር ሰው መድኃኒት ሲገዛ አንብብልኝ ብሎ ይመጣል። አነብለታለሁ፤ ከዚያም ለሐኪሙ ወይም ለመድኃኒት ባለሙያው የሚጠይቀውን እጽፍለታለሁ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። እባካችሁ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ቤታችሁ ያለውን መድኃኒት አንሡ። አዙሩት። የተለጠፈ ወረቀት ካለበት፣ የሸፈነው ባዶ ቦታ ነው ወይስ ጽሑፍ? ጽሑፍ ከሆነ ጣታችሁን አርጥባችሁ ጠርዙን አሹት፤ አትቸኩሉ፤ ይላጣል። ከሥሩ ያለውን መስመር፣ ማንበብ ለማይችል የቤታችሁ ሰው፣ በሚገባው ቋንቋ ቃል በቃል አንብቡለት። ስለ ባክቴሪያው ሌላ ቀን ታስረዱታላችሁ።